ኬፕታውን አንድ ነጻ ቀን አለኝ፣ የግማሽ ቀን ሳፋሪ ብሄድ ያዋጣል?

ሰብለ ዘመገናኛ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ? መሥሪያ ቤቴ በነሐሴ መጀመሪያ ለሥልጠና ኬፕታውን ሊልከኝ ነው። ሥልጠናው ሐሙስ ያልቃል፣ በረራዬ ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ስለዚህ ዓርብ የራሴ ነው። አብረውኝ የሚሄዱት ልጆች ገበያ ለመዞር አስበዋል። እኔ ግን ሌላ ነገር አምሮኛል። ኢንተርኔት ላይ ሳይ ከኬፕታውን ወጣ ብሎ የግል የዱር እንስሳት ስፍራ አለ፣ የግማሽ ቀን ሳፋሪ ከአስጎብኚ ጋር፣ መኪና ከሆቴል ይወስዳል ይመልሳል፣ ቁርስና ምሳ አለው ይላል። ዋጋው ግን ለእኔ ቀላል አይደለም፣ ከአበሌ ላይ ነው የማወጣው።

ትንሿ ልጄ አውራሪስ ሳላይ እንዳልመለስ አስጠንቅቃኛለች (ትምህርት ቤት ሥዕሉን አሳይተዋት ነው፣ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ የለም)። እኔም ብሆን ከዝንጀሮና ከከርከሮ በቀር የዱር እንስሳ በቅርብ አይቼ አላውቅም። አዋሽ ፓርክ የሄድን ጊዜ ሳላ አየን ተብሏል፣ ባይኖኩላር የያዘው ሰውዬ ነው «ያቻትና» ያለን እንጂ እኔ በእውነቱ ቁጥቋጦ ነው ያየሁት።

እና የሄዳችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ነገሩ የእውነት ዱር ነው ወይስ ሰፋ ያለ መካነ እንስሳት? ግማሽ ቀን ይበቃል? መኪናው ክፍት ነው ሲሉ ሰምቼ ትንሽ ፈርቻለሁ። ደግሞ ፍልሰታ ላይ ነው የሚውለው፣ ምግቡን እንዴት አደርገዋለሁ? ስለ ብርዱም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የቤልቪል ልጅ፦

እህቴ፣ እኔ እዚሁ ኬፕታውን ነኝ፣ እንግዳ ሲመጣብኝ ይዤ የምሄድበት ቦታ ስለሆነ መንገዱን በደንብ አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ «ግማሽ ቀን» የሚለውን እናስተካክል። ግማሽ ቀን የሚሉት እዚያ ከደረስሽ በኋላ ያለውን ነው። ዝሆንና አንበሳ ያለበት ስፍራ ከከተማው ጥግ ላይ የለም፣ የቅርቡ ሁለት ሰዓት ያህል ይነዳል። ብዙ ሰው የሚሄድበት አኩይላ ነው፣ ታውስ ሪቨር የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ አሥር ሺህ ሄክታር ገደማ ነው። ሌላው በሴሬስ በኩል ያለው ኢንቨርዶርን ነው፣ እሱ በአቦ ሸማኔ ይታወቃል። ሳንቦና የሚባል በጣም ሰፊ ስፍራም አለ፣ እሱ ግን ለአዳሪ እንጂ ለደርሶ መልስ አይሆንም። ላንቺ ከሁለቱ አንዱ ነው።

መንገዱ ራሱ ግማሹን ዋጋ ያወጣል ባይ ነኝ። ኤን ዋን የሚባለውን ዋና መንገድ ይዘሽ ፓርልን ታልፊያለሽ፣ ከዚያ ተራራውን ሰርስሮ የሚያልፍ አራት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዋሻ አለ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ የመንገድ ክፍያ የሚጠየቅበት። ከዋሻው ስትወጪ ዉስተር፣ ቀጥሎ የሄክስ ሪቨር ሸለቆ፣ ግራ ቀኙ ወይን ብቻ ነው። በነሐሴ ቅጠሉ ስለሚረግፍ እንጨቱን ነው የምታዪው፣ ግን ዳር ዳሩ ያሉት ተራሮች በረዶ ለብሰው ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሽቅብ ትወጪና አረንጓዴው ባንዴ ያልቃል። ካሩ የሚሉት ደረቅ አገር ይጀምራል፣ ድንጋይና አጭር ቁጥቋጦ፣ ሰማዩ ደግሞ ማለቂያ የለውም።

ቀኑ እንዲህ ነው የሚሄደው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ከሆቴል ይወስዱሻል (እነሱ 6 ነው የሚሉት፣ ደግሞ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ናቸው፣ ስልክሽ ራሱን መቀየሩን እይ)። ደርሰሽ ቁርስ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሰዓት በመኪና ዙረት፣ ምሳ፣ መልስ። ከተማ የምትገቢው ከቀኑ 9 ወይ 10 ሰዓት ላይ ነው። የከሰዓት ዙረትም አለ፣ ብርሃኑ ለፎቶ ያምራል፣ ግን በነሐሴ ቶሎ ይመሻልና በጨለማ ነው የምትመለሺው። የጠዋቱን ያዢ። እንስሳቱም ጠዋት ነው የሚንቀሳቀሱት፣ ፀሐይ ስትበረታ ይተኛሉ።

የምታዪው? የሜዳ አህያ፣ ሰጎን፣ ጎሽ፣ ስፕሪንግቦክ የሚሉት ዘላይ ሚዳቋ፣ ኩሬ ውስጥ ጉማሬ። አውራሪስ በአብዛኛው ይታያል፣ ልጅሽን አታሳዝኚያትም። ዝሆንና አንበሳም እንደዚያው። ነብር ግን እርሺው።

ብርዱን አትናቂው። እዚህ ክረምት ነው፣ ካሩ ላይ ጠዋት ውርጭ አለ፣ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ ፊትሽን ይልጠዋል። ወፍራም ጃኬት፣ ኮፍያ፣ የእጅ ጓንት፣ ካልሲ ደራርበሽ። ብርድ ልብስ የሚሰጡ አሉ ግን አትተማመኚበት። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ይሞቃል፣ ስለዚህ ከውስጥ ቀለል ያለ ልብስ ይኑርሽ። ወባ የለም፣ ኪኒን አያስፈልግሽም። የቢጫ ወባ ካርድሽን ግን ከአዲስ አበባ ስትነሺ እንዳትረሺ፣ ኤርፖርት ላይ ይጠይቁሻል።

አጥር የለሽ፦

ሁሉም ጥሩ ጥሩውን ብቻ ስለሚያወራ እኔ ሌላውን ልንገርሽ። መካነ እንስሳት ነው ወይ ብለሻል፣ አይደለም፣ ግን ዱርም አይደለም። ከብት ርቢ የሚመስል ነገር ነው። ያ አካባቢ የነበረውን አንበሳና ዝሆን ከአውሮፓ የመጡት ሰፋሪዎች ድሮ በጥይት ጨርሰውታል፣ የኬፕ አንበሳ የሚባለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው ያለቀው። ከዚያ መሬቱ የበግ እርሻ ሆነ። ዛሬ የምታዪው ሁሉ ከሌላ ቦታ በካሚዮን ተጭኖ የመጣ ነው።

አሥር ሺህ ሄክታር ሲባል ብዙ ይመስላል፣ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ክሩገር የሚባለው ትልቁ ብሔራዊ ፓርካቸው ወደ ሃያ ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በትንንሾቹ ስፍራዎች አንበሳው ለብቻው ታጥሮ ነው የሚኖረው፣ ሁለት በር አለ፣ አንዱ ሲዘጋ ነው ሌላው የሚከፈትልሽ። ለምን ብትዪ፣ ካልታጠረ ያንን በስንት ብር የተገዛ ሚዳቋ ሁሉ ይጨርሰዋላ! ስለዚህ ሥጋ እየቀረበለት ነው የሚኖረው። ይህንን እያወቅሽ ከሄድሽ እሺ፣ ዱር አየሁ ብለሽ እንዳትመጪ ነው።

እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር መሰለሽ፣ ነሐሴ ነው አይደል፣ ሄርማነስ እሄዳለሁ። ከኬፕታውን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከሰኔ እስከ ኅዳር ባለው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዓሣ ነባሪዎች ሊወልዱ ወደ ባሕር ዳርቻው ይጠጋሉ፣ ጀልባ እንኳን ሳትከፍዪ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለሽ ታያለሽ። አጥር የለ፣ ትኬት የለ። ሳይመንስ ታውን አጠገብ ደግሞ ቦልደርስ የሚባል ዳርቻ አለ፣ ፔንግዊኖቹ በራሳቸው ጊዜ መጥተው የሰፈሩበት ነው፣ መግቢያው ከሳፋሪው ጋር አይወዳደርም። አበልሽም ይተርፋል።

የቤልቪል ልጅ፦

አጥር የለሽ ወንድሜ አንድ ነገር ብቻ። ሁሉም በካሚዮን የመጣ ነው ያልከው ትክክል አይደለም፣ ነብሩን ማንም አላመጣውም። የኬፕ ተራሮች ላይ ያለው ነብር ራሱን ደብቆ የተረፈ ነው፣ አጥሩንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም፣ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ለዚህ ነው አይታይም ያልኩት።

የዓሣ ነባሪው ሐሳብ ግን ጥሩ ነው፣ አልከራከርህም። ችግሩ ልጅቷ አውራሪስ ነው ያለችው 😄

ድፍን ቅል፦

እኛ ልጆች ሆነን ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ በሳንቲም ገብተን አንበሳ አይተናል፣ ሁለት ሰዓት ነድቶ ተኝቶ የሚያዛጋ አንበሳ ማየት ምን ይባላል? አበልሽን ይዘሽ ነይ እህቴ፣ ነሐሴ መጨረሻ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ይጠብቅሻል።

የነጭ ሳር ሽማግሌ፦

ልጆቼ፣ እኔ በደቡብ ብዙ ዘመን በአስጎብኚነት የሠራሁ ሰው ነኝ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ደቡብ አፍሪካም ከሙያ ጓደኞቼ ጋር ሄጄ አንዳንዱን አይቻለሁ። አጥር የለሽ ያለው እውነት ነው፣ ግን ግማሹን ነው የተናገረው። ግማሹን እኔ ልጨምር።

እዚያ አገር የዱር እንስሳ የግል ንብረት ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ አላቸው፣ መሬቱን በሚገባ ያጠረ ሰው በውስጡ ያሉት እንስሳት ባለቤት ይሆናል፣ አንዱ አጥር ጥሶ ቢወጣም እንኳ ባለቤትነቱ አይጠፋበትም። እኛ አገር እንዲህ አይደለም፣ የዱር እንስሳ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ለአደን የተከለለ ቀጠና ለድርጅት በውል ይሰጣል እንጂ እንስሳው የማንም የግል አይደለም። ይህ ልዩነት ብዙ ነገር ቀይሯል። እዚያ ገበሬው በግ ከማርባት ሚዳቋ ማርባት ሲያዋጣው በጉን ሸጦ ሚዳቋ ገዛ። የንግድ ነው፣ አዎ። ያኔ በግ ይግጥበት የነበረው መሬት ግን ዛሬ የሜዳ አህያ ቆሞበታል።

የልጅሽን አውራሪስ እንውሰድ። ነጩ አውራሪስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ በደቡብ አፍሪካ አንድ ቦታ ብቻ ነበር የቀረው፣ ኡምፎሎዚ ላይ፣ ከመቶ የማይበልጥ። እሱ ተጠብቆ ሲራባ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢያን ፕሌየር የሚባል የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያና ባልደረቦቹ በማደንዘዣ እያስተኙ ወደ ሌሎች ፓርኮችና ወደ ግል መሬቶች በተኑት። ዛሬ በደቡብ አፍሪካ ካለው ነጭ አውራሪስ ከግማሽ በላይ የሚኖረው በግል መሬት ላይ ነው። በየአጥሩ ያለው ጥበቃ፣ መሣሪያው፣ ሌሊት ሙሉ የሚዞረው መኪና ደመወዝ የሚከፈለው እንግዲህ አንቺ ከአበልሽ ከምታወጪው ነው። እኛ ጋ አውራሪስ በመጽሐፍ ብቻ ነው የቀረው። የማንም ስላልነበረ ማንም አልጠበቀውም ማለት አልፈልግም፣ ነገሩ ከዚያ ይወሳሰባል፣ ግን ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ሌላም ልንገርሽ። አውራሪሱን ስታዪ ቀንዱ ተቆርጦ ልታገኚው ትችያለሽ። አዳኝ እንዳይመኘው ባለቤቶቹ ራሳቸው አደንዝዘው ይቆርጡታል። ቀንዱ ከእኛ ጥፍር ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፣ አያመውም፣ ተመልሶ ያድጋል፣ ዓመት ተኩል ሁለት ዓመት ቆይተው ደግሞ ይቆርጡታል። ልጅሽ ፎቶውን አይታ «ቀንዱስ?» ብትልሽ መልስ ይኑርሽ።

«ዱር ነው ወይ» ላልሽው ደግሞ፣ ነጭ ሳር ይዤያቸው የሄድኩ ፈረንጆች አንበሳ ሲያገሳ ሌሊት ሰምተው፣ ጠዋት ኮቴውን አይተው፣ እሱን ራሱን ሳያዩ የተመለሱ አሉ። እሱ ዱር ነው። ያንን የሚወድ ሰው አለ፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን አንድ ዓርብ ብቻ ላለው ሰው አልመክርም። አገር ቤት ስትመለሺ ባሌ ሂጂ፣ ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘን ከመንገድ ዳር ታያለሽ፣ ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን ታያለሽ። ቆርኬ ካማረሽ ሰንቀሌ አለልሽ። እነዚህ አጥር የላቸውም፣ ደግሞ ይታያሉ።

መኪና ላይ ስትወጪ አንድ ነገር አድርጊ። ሁሉም ቱሪስት ገና ሲሳፈር «አንበሳው የት ነው» ይላል፣ አስጎብኚው ይሰለቻል። አንቺ ስለ ኮቴው፣ ስለ ፋንድያው፣ ስለ ወፎቹ ጠይቂ። ሥራውን የሚወድ ልጅ ከሆነ ፊቱ ይበራል፣ መኪናውን ያቆምልሻል፣ ሌላው ያላየውን ያሳይሻል። ሬዲዮ አላቸው፣ አንበሳው ያለበትን እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፣ እሱ አይቀርብሽም።

እናት ከጆበርግ፦

ሰብልዬ ሰላም። ጋሼ የተናገሩትን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት።

እኔ የምጨምረው ስለ አመራረጥ ነው። የግል ሁሉ አንድ አይደለም። «የአንበሳ ግልገል ታቅፈሽ ፎቶ ተነሺ»፣ «ከአንበሳ ጋር በእግር ሂጂ» የሚል ማስታወቂያ ካየሽ ወደዚያ አትሂጂ። ግልገሉን ከእናቱ ለይተው ነው ለቱሪስት የሚሰጡት፣ ሲያድግ አይታቀፍም፣ ታጥሮ ለአዳኝ የሚሸጥ አለ፣ አጥንቱም ለውጭ ገበያ ይሸጥ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. መንግሥት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን ይህ ርቢ እንዲቆም መክሯል፣ ግን ርቢው እስከ ዛሬ ጨርሶ አልጠፋም። በእጅ የሚነካ ነገር ካለ ሳፋሪ አይደለም፣ በቃ።

ፍርሃትሽን በተመለከተ፣ ክፍት መኪና ላይ ችግር የሚመጣው ሰው መመሪያ ሲጥስ ነው። እንስሳቱ መኪናውንና ሰዉን አንድ ላይ እንደ አንድ ትልቅ ነገር ነው የሚያዩት፣ ከዚያ ቅርጽ ተለይተሽ ከቆምሽ ወይ እጅሽን ካወጣሽ ነው ነገር የሚመጣው። ተቀምጠሽ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ ከሆንሽ ምንም የለም። በ2015 እ.ኤ.አ. ጆሃንስበርግ አጠገብ አንዲት አሜሪካዊት ቱሪስት አንበሳ የገደላት የመኪናዋ መስኮት ክፍት ስለነበረ ነው፣ እሱ ደግሞ ሰው በራሱ መኪና የሚዞርበት ፓርክ ነው፣ አስጎብኚ አብሯት ቢኖርም መስኮቱ መዘጋት ነበረበት።

ሌላ ጊዜ ልጅሽን ይዘሽ ከመጣሽ ደግሞ ወደኛ ነይ። ከፕሪቶሪያ ብዙም ሳይርቅ ዲኖኬንግ አለ፣ በራስሽ መኪና ገብተሽ ትዞሪያለሽ፣ አምስቱም ትልልቆች (አንበሳ፣ ነብር፣ ዝሆን፣ ጎሽና አውራሪስ) አሉበት። ፒላንስበርግም ከጆበርግ ሁለት ሰዓት ተኩል አይፈጅም፣ የግል ሳይሆን የመንግሥት ነው፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት እዚያም እንስሳቱ ከሌላ ቦታ ነው የተጫኑት፣ አጥር የለሽ ይስማ 🙂 ክፍት መኪና ላይ ትንንሽ ልጆችን የማያሳፍሩ ስፍራዎች ብዙ ናቸው፣ ስድስት ዓመት የሚሉ አሉ፣ ከዚያም ከፍ የሚያደርጉ አሉ፣ ሳትጠይቂ እንዳትከፍዪ።

ክፍያ ላይ አንድ ምክር። ዋጋውን በስፍራው ራሱ ድረ ገጽ ላይ እይና ከወኪሉ ጋር አስተያዪ። ባለቤቴ ዘመዶቹን ሊያስጎበኝ በወኪል ከፍሎ «የጠዋት ሳፋሪ» ተብሎ ረፋዱ ላይ ነው ያደረሷቸው፣ መንገድ ላይ የወይን ጠጅ ሱቅ አስቁመዋቸው። እንስሳቱ ሁሉ ጥላ ሥር ተኝተው ነው ያዩዋቸው። ዙረቱ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚጀምር በጽሑፍ ይላኩልሽ።

ሰብለ ዘመገናኛ፦

ኧረ እንዴት ነው የማመሰግናችሁ! ጋሼ፣ እርስዎ ስለ አውራሪሱ የነገሩኝን ማታ ለልጄ አነበብኩላት፣ ቀንዱ መቆረጡን ስትሰማ ተናደደች፣ ተመልሶ ያድጋል ስላት ነው የተኛችው። ባሌንም ለጥር አስቤዋለሁ፣ ዲንሾ የሚያድሩበት ቦታ ካወቁ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ እባክዎ።

ድፍን ቅል፣ ደብተርና ዩኒፎርሙ ተገዝቷል፣ አታስብ።

አጥር የለሽ፣ አንተ ደግሞ ዓሣ ነባሪ አምጥተህ አደናገርከኝ። ለአንድ አፍታ ሐሳቤን ቀይሬ ነበር እኮ። ግን ለሳፋሪው ወስኛለሁ፣ ዓርብ እሱ ይሁን። ፔንግዊኑን ቅዳሜ ጠዋት ላጠጋጋው እችላለሁ? በረራዬ 9 ሰዓት ላይ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር፣ በእነሱ ሰዓት ከሰዓት በኋላ 3 ማለት ነው።

የቤልቪሉ፣ ስለ ጾሙ አልመለስክልኝም። ደግሞ በኡበር ብሄድ አይረክስም? ቦታ ላይ ለሁለት ሰው ነው የሚያስከፍሉት የሚል አንብቤ ብቻዬን ስለሆንኩ ፈራሁ። ለአስጎብኚው ጉርሻ ይሰጣል ወይ?

አጥር የለሽ፦

ጋሼ ስለ አውራሪሱ ያሉትን አላውቅም ነበር፣ የግል መሬት ላይ ያለው ከግማሽ በላይ ነው ብዬ አልገመትኩም። ያም ሆኖ አንበሳ በሁለት በር ተዘግቶ ሥጋ ሲቀርብለት ማየት ለእኔ አይሆንም፣ እዚያ ላይ አልተለወጥኩም። ብር ሳጠራቅም አዶ የሚባለው የዝሆን ብሔራዊ ፓርክ ነው የምሄደው።

ከሄድሽ ግን ይቺን ያዢ። የአውራሪሱን ፎቶ ከመለጠፍሽ በፊት የስልክሽን የቦታ ምልክት አጥፊ፣ የስፍራውንም ስም በዚያው ሰዓት አትጻፊ። አዳኞቹ የቱሪስት ፎቶ እያዩ ነው ቦታ የሚለዩት ተብሎ በየስፍራው ይለመናል። ለልጅሽ በዋትስአፕ ላኪላት፣ ፌስቡኩን ከተመለሽ በኋላ።

የቤልቪል ልጅ፦

ይቅርታ፣ ሱቅ ላይ ሰው በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት።

ጾሙ ቀላል ነው። ስትመዘገቢ «ቪጋን» ብለሽ ጻፊ፣ እዚህ ሰው ሁሉ ይገባዋል። «ፋስቲንግ» ካልሽ ምንም አትበላም ብለው ይተዉሻል። ቁርሱ ላይ ፍራፍሬ፣ ዳቦ፣ እንጉዳይና ቲማቲም ጥብስ አይጠፋም፣ በቅቤ እንዳይሆን ጠይቂ። እስከ 9 የምትጾሚ ከሆነ ደግሞ ፍራፍሬውን ቋጥረሽ ትወጫለሽ፣ ዋጋው ውስጥ ነው፣ ብትበዪም ባትበዪም አይቀንሱልሽም። በፍስክ ለሚመጡ ሌሎች አንባቢዎች ልጨምር፣ ምሳው ላይ የሰጎን፣ የሚዳቋ፣ አንዳንዴም የከርከሮ ሥጋ ይቀርባል፣ ስሙ በእንግሊዝኛ ያምራል፣ ምን እንደሆነ ሳትጠይቁ እንዳታነሱ። ሙስሊም ወንድሞችና እህቶችም ሐላል መሆኑን ቀድመው ይጠይቁ፣ ኬፕታውን ሙስሊም የበዛበት ከተማ ስለሆነ ጥያቄው አይገርማቸውም።

ኡበር አትሞክሪ። ወደዚያ የሚወስድሽ ታገኚ ይሆናል፣ የሚመልስሽ ግን የለም፣ ያ አገር ኔትዎርክ ራሱ ይቆራረጣል። መኪና ተከራይቶ መሄድ ነው የሚረክሰው፣ ግን እዚህ በግራ ነው የሚነዳው፣ ላልለመደ ሰው ጎህ ሳይቀድ ያንን ዋሻና ዳገት አልመክርም። በጋራ ሚኒባስ የሚወስዱ አሉ፣ ብቻሽን ብትሆኚም የአንድ ሰው ነው የሚያስከፍሉት። «ቢያንስ ሁለት ሰው» የሚለው የግል መኪና ሲሆን ነው። አብረውሽ ካሉት ልጆች አንዷን ካሳመንሽ ደግሞ የተሻለ፣ ገበያው ለቅዳሜ ጠዋትም አይጠፋም። እዚህ መኖሪያ ፈቃድ ላለው ሰው ዝቅ ያለ ዋጋ አለ፣ ለአንቺ አይሠራም፣ እዚህ ላላችሁ ነው የምናገረው።

ጉርሻ ግዴታ አይደለም ግን ይሰጣል። እኔ አስጎብኚው ጥሩ ከሆነ መቶ ራንድ አካባቢ በሰው እሰጣለሁ፣ በእጅ፣ ዙረቱ ሲያልቅ። ዝርዝር ብር ከከተማ ይዘሽ ውጪ።

መኪናው ላይ የኋለኛው ረድፍ ከፍ ስለሚል ሰው ይሻማበታል፣ ግን እሱ ነው በጣም የሚያነጥረው፣ ብርዱም እዚያ ነው። ወገብሽን ከወደድሽው መሃል ላይ፣ ዳር ያዢ። ስልክሽን ገመድ አድርገሽ አንገትሽ ላይ አንጠልጥዪው፣ ከወደቀ ማንም ወርዶ አያነሳልሽም።

ቅዳሜ ፔንግዊን ጠባብ ነው ግን ይቻላል። ቦልደርስ በክረምት በእነሱ 8 ሰዓት ላይ ነው የሚከፈተው። ሻንጣሽን ይዘሽ ከሆቴል 7 ላይ ተነሺ፣ ሲከፈት ግቢ፣ 9 ተኩል ላይ ውጪ፣ ኤርፖርት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ታክሲውን አታሰናብቺው፣ ሻንጣው ውስጥ ነው፣ ወይም ሻንጣሽን ዓርብ ማታ እኔ ሱቅ አስቀምጪው፣ ቤልቪል ከኤርፖርቱ አይርቅም። ሽሮም አለ፣ የጾም።